ገበሬው የእሽቅድምድም ጀግና ጂም ክላርክ

ጂም ክላርክ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. ማርች 4 ቀን በስኮትላንድ አገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ከአምስት ልጆች መካከል ብቸኛው ወንድ ስለ ነበረ፥ ወላጆቹ እርሻውን ይዞ እንዲኖር እንጂ በመኪና እሽቅድምድም ሕይወቱን ለአደጋ እንዲያጋልጥ አልወደዱም። እርሱ ግን ሎተስ በተባለች መኪና በ1963 እና በ1965 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1965 ደግሞ በአሜሪካ የኢንዲያናፖሊስን ታላቅ ውድድር አሸነፈ። በሻምፒዮናው ከተወዳደረባቸው 72 ግጥሚያዎች በ25ቱ አንደኛ ወጣ። ይህን ሁሉ ክብር ሲያገኝ ጠባዩ ትሑትና ቁጥብ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. አፕሪል 7 ቀን በጀርመን አገር በሆከንሃይም ዝናም ባረጠበው መንገድ ሲሽቀዳደም፥ መኪናው ከመንገድ ወጥታ ከዛፍ ጋር ተላተመች፤ በ32 ዓመቱም ዐረፈ። ለአደጋው ምክንያት የሆነው የኋላ ጎማው አየር ማጣት እንደ ሆነ ይታመናል። ከሁሉ ይልቅ ጥንቁቅ የነበረው ነጂ በመሞቱ፥ ባልደረቦቹ ከኀዘናቸው በላይ ለራሳቸው ፈሩ። በዚያ ስፍራ የብረት መከላከያ የተሠራው ከእርሱ ሞት በኋላ ነው።

በቸርንሳይድ በሚገኘው መቃብሩ ድንጋይ ላይ ከሻምፒዮንነቱ አስቀድሞ ገበሬነቱ ተጽፏል። እኛም ተማሪዎች ከዚህ የምንማረው፥ ሰው የቱን ያህል ቢከብር የተነሣበትን አፈር መርሳት እንደማይገባው ነው።