ከራጉኤል ደብር እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕይወትና ሥራ

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ፣ ጳውሎስ ተብሎ በሚጠራው ሠፈር የሚመላለስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ሆስፒታሉን ነው። ይሁን እንጂ ሆስፒታሉ ከመሠራቱ አስቀድሞ ጉለሌ በሌላ ነገር ትታወቅ ነበር። ከዘመናዊ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አባቶች አንዱ፣ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መኖሪያቸው በዚሁ በጉለሌ ነበር። ከጉለሌ ቀና ብሎ ለሚመለከት የእንጦጦ ተራራ ይታየዋል፤ በተራራው ላይ ያለው የራጉኤል ደብር ደግሞ ኅሩይ በወጣትነታቸው የተማሩበትና ያገለገሉበት ነው። በደብሩና በመኖሪያቸው መካከል ያለው ርቀት አጭር ቢሆንም፣ በዚያ መካከል የተጓዙት የሥራ ዘመን ግን ለንደንን፣ ጄኔቫንና ቶኪዮን ያካተተ ነበር።

ኅሩይ የተወለዱት በ1870ዎቹ መግቢያ ላይ በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ነው። አባታቸውን በልጅነታቸው በማጣታቸው ትምህርታቸውን የቀጠሉት በራሳቸው ጥረት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት በስለው ወደ እንጦጦ ከመጡ በኋላ በጸሐፊነት ሙያቸው ታወቁ። በዚያ ዘመን ጥሩ ጸሐፊ ማለት እጁ ያማረ ብቻ ሳይሆን፣ ግእዙን የሚያውቅ፣ መዝገብ የሚይዝ፣ የቃልን ክብደት የሚመዝን ሰው ማለት ነበር። ኅሩይን ከደብር ወደ ቤተ መንግሥት ያሻገራቸውም ይኸው ችሎታ ነው።

በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ለአምስተኛው ጆርጅ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ከተላከው መልእክተኛ ጋር ተጓዙ። ከጉዞው በኋላ በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ግን ስለ አውሮፓ ግርማ የሚያወራ አልነበረም፤ በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት የሚዘረዝር መዝገብ ነበር። ይህ ምርጫ የሰውዬውን ጠባይ በሚገባ ያሳያል። አዲስ ነገር ከመገንባት በፊት ያለውን መቁጠርና መመዝገብ እንደሚገባ ያምኑ ነበር። መዝገቡን አስፋፍተው በ1920 ዓ.ም. እንደገና አሳተሙት። በ1915 ዓ.ም. የታተመው የሕይወት ታሪክ መጽሐፋቸውም በዚሁ መንገድ የታላላቅ ሰዎችን ስምና ሥራ ለተከታዩ ትውልድ በማስታወሻነት አስቀምጧል።

ወደ መንግሥት ሥራ የገቡት በአንድ ጊዜ አልነበረም። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሠርተዋል፤ በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር በሚመለከተው ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነዋል። በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደው ጋር ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተልከው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር እንድትገባ ወደ ጄኔቫ በሄደው መልእክተኛ ውስጥም ነበሩበት። ጥያቄው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ተቀባይነት አገኘ።

የመንግሥት ሥራ ብዕራቸውን አላስጣላቸውም። ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት አቋቁመው የራሳቸውንም መጻሕፍት አሳተሙበት። ወዳጄ ልቤ፣ ዋዜማ፣ አዲስ ዓለም የተባሉት ድርሰቶች ሁሉ የተጻፉት ደራሲው በመንግሥት ኃላፊነት ላይ ሳሉ ነው። በ1925 ዓ.ም. የታተመው አዲስ ዓለም በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከቤተ ዘመዱ ልማድ ጋር የሚገጥመውን ችግር የሚያሳይ በመሆኑ፣ ከባሕር ማዶ ትምህርት የተመለሰ ባለሙያ ሁሉ ዛሬም ራሱን ያገኝበታል።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን በኃላፊነት ከያዙ በኋላ፣ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጃፓን ተጓዙ። የራሷን ሃይማኖትና ዘውድ ሳትጥል የአውሮፓን ጥበብ የቀሰመች አገር ማየታቸው ጥልቅ ስሜት አሳደረባቸው። ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለው መጽሐፋቸው የዚህ ጉዞ ፍሬ ነው። በመጽሐፉና በሚኒስትሩ ፖሊሲ መካከል ልዩነት አልነበረም፤ ሁለቱም ኢትዮጵያ በእኩልነት የሚያያትን ወዳጅ ታገኛለች በሚል ተስፋ ላይ የቆሙ ነበሩ።

ተስፋው ብዙ አልቆየም። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ተነሣ። የሚኒስቴሩ መሣሪያ ሕግና ደብዳቤ ነበር፤ በ1920 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመው የወዳጅነት ውል አለመግባባት በዕርቅና በግልግል እንዲፈታ ያዝዝ ስለነበር፣ ኢትዮጵያ ይህንኑ ጠየቀች፤ አቤቱታዋንም ለመንግሥታት ማኅበር አቀረበች። ይሁን እንጂ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅ ዘይትን ስላልጨመረ የጦር መኪናዎቹ አልቆሙም። ጃፓንም በ1929 ዓ.ም. የጣሊያንን ይዞታ ተቀበለች። ኅሩይ የታመኑባቸው ሁለቱም ድጋፎች፣ ሕጉም ወዳጁም፣ በተፈለጉበት ሰዓት ከዱ።

በዚያው ጊዜ የዕድሜ ልክ ሥራቸው የሆነው የኢትዮጵያ ታሪክ በኅትመት ላይ ነበር፤ ወረራው ሥራውን አቋረጠው። ዋዜማ ብለው ያወጡት መጽሐፍ ለዚሁ ታላቅ ታሪክ መግቢያ እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ ዋዜማው ደርሶ በዓሉ ሳይከበር ቀረ። ሚኒስትሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፣ አገራቸው ነፃ ስትወጣ ሳያዩ፣ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። አፅማቸው ከነፃነት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ የሳሙኤል ጆንሰንን ራሴላስ ወደ አማርኛ በመመለስ የአባታቸውን የብዕር ፈለግ ተከትለዋል።

በሚኒስትርነታቸው ብቻ ቢመዘኑ፣ ኅሩይ ያሰቡትን ያላደረሱ ሰው ናቸው ሊባል ይቻላል። ሕግ ኃይልን ይገታል ብለው ከልክ በላይ ታምነዋል የሚል ትችት ቢቀርብባቸውም፣ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የታጠቀን ጠላት ለመመከት በዚያች ሰዓት ከብዕር ሌላ በሚኒስቴሩ እጅ ብዙ አልነበረም። የጻፏቸው አቤቱታዎች ወረራውን ባያስቆሙም፣ ወረራው በሕግ ፊት ወረራ ሆኖ እንዲመዘገብ ረድተዋል።

ከሙያ ወደ ሥልጣን የሚሻገር ሰው ብዙውን ጊዜ ሙያውን በሩ ላይ ትቶ ይገባል። ኅሩይ ግን መዝጋቢነታቸውን ይዘው ገቡ። ወንበሩ በወረራ ተወሰደ፤ የቆጠሯቸው መጻሕፍት፣ ስማቸውን ያኖሩላቸው ሰዎችና የተረኳቸው አገሮች ግን በመዝገብ ቀሩ። ባለሙያ ሹመት ሲቀበል ለራሱ ሊያቀርበው የሚገባው ጥያቄም ከዚህ ይመነጫል፤ ወንበሩ ሲለቀቅ በመዝገብ ላይ የሚቀረው ምን ይሆናል?