ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ የእምነት፣ የሥራና የአገልግሎት አባት



ከልደታ ማርያም ተነሥተን በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ሽቅብ ስንወጣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን እናገኛለን። ብዙዎቻችን ታክሲ ፍለጋም ይሁን የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ በዚያ እናልፋለን። ስሙን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምንሰማው ቆም ብለን አስበንበት አናውቅም። ጥቁር አንበሳ ግን በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ያቋቋሙት የአርበኞች ድርጅት ስም ነበር። ከነዚያ ወጣቶች መካከል ቤንያምና ዮሴፍ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ይገኙ ነበር። እኛም ዛሬ የምንተርከው የነዚህን ልጆች አባት ሕይወት ነው።

አባትየው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይባላሉ። ፈረንጆች ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ይሏቸው ነበር። አንድ ሰው እንዴት ሁለት ስም ሊኖረው ቻለ? ነገሩ የሚጀምረው ከመቅደላ ነው።

ወርቅነህ የተወለደው ጎንደር ነው። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና አፄ ቴዎድሮስ ሲሠዉ፣ ሕፃኑ ገና ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ተለያይቶ ብቻውን ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን አንሥቶ ወደ ሕንድ አገር ወሰደው። መኮንኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ደግሞ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ ሰው የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም የመጣው ከነዚህ ሰዎች ነው። እንግዲህ ልጁ በሚስዮን ትምህርት ቤት፣ በክርስትና ሃይማኖትና በእንግሊዝኛ ቋንቋ አደገ። አማርኛውንም ረሳው፤ የገዛ ስሙንም ረሳው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በዚያው ዓመት ከመቅደላ የተወሰደ ሌላም ልጅ ነበር፤ እርሱም የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ገና በ18 ዓመቱ ሞቶ አገሩን ሳያይ ቀረ። ወርቅነህ ግን የንጉሥ ልጅ ባይሆንም አገሩን ለማየት በቃ።

ወጣቱ ላሆር በተባለው ከተማ ሕክምና ተምረው ተመረቁ፤ ኋላም ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን አጠናከሩ። ከዚያም በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነው ተቀጠሩ። ሥራ አላቸው፣ ደመወዝ አላቸው፣ ክብርም አላቸው። ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ነገር ግን በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ወሬ በዓለም ሲናኝ እርሳቸውም ጆሮ ደረሰ። የማያውቋት አገራቸው ትዝ አለቻቸውና በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ በባሕር ተሻግረው፣ በበረሃ አቋርጠው አዲስ አበባ ገቡ።

ሲመጡ አማርኛ አይችሉም፤ የማን ልጅ እንደሆኑም አያውቁም። በዚያን ጊዜ ነው አያታቸው የመጡት። አሮጊቷ በሰውነታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አይተው የጠፋው የልጅ ልጃቸው መሆኑን ለዩ። ስሙም ወርቅነህ፣ የአባቱም ስም እሸቴ መሆኑ ታወቀ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልተጠራ ስም ተጠራ ማለት ነው። እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ የአያትየዋ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ነክቶናል። ሕፃኑን የለዩት እርሱ እርግጠኛ ሆኖ ስሙን ነግሯቸው አይደለም፤ እርሳቸው በልባቸው ይዘውት ስለቆዩ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ዘመድ አገኘሁ ብለው አርፈው አልተቀመጡም። በአዲስ አበባ ሕዝብ ማከም ጀመሩ። የቅጥር ውል ስለነበረባቸው ወደ በርማ ተመልሰው እንደገና ቢመጡም፣ የአፄ ምኒልክ ሕመም በጠና ጊዜ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በ1911 ዓ.ም. ገደማ ከበርማው ሥራ በጡረታ ተሰናብተው ጓዛቸውን ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። በዚህ ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። ሌላው ሰው በዚህ ዕድሜ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ጡረታውን ይበላል። የእርሳቸው ትልቁ ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆነው የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። እኛ ዕጩ መምህራን ይህን ልብ ልንል ይገባናል። አማርኛን በሕፃንነታቸው ተነጥቀው በጎልማሳነታቸው እንደ ባዕድ ቋንቋ የተማሩ ሰው፣ ለኢትዮጵያ ልጆች በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉ። ዓለምን ዞረው ያዩትን በልጆቹ ቋንቋ አስቀመጡላቸው። እኛ አማርኛን በእናታችን ጡት የጠጣነው ግን አንዲት ገጽ የትምህርት ማስታወሻ ለመጻፍ ስንት ጊዜ እናማርራለን!

በ1916 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ እንዲወጡ ቢያዝም፣ ነፃ የወጣው ልጅ የት ይውደቅ የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልግ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ደከሙ። የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበር የሚባልም መሠረቱ። የእምነታቸው ዓይነት ከዚህ ስም ይታያል፤ ፍቅሩ ብቻውን አልበቃቸውም፣ አገልግሎት ጨመሩበት። ከቤተ ሰቡ ተለይቶ በባዕድ እጅ ያደገ ሰው፣ ከቤተ ሰባቸው ተለይተው በባርነት ላደጉ ልጆች ማሰቡ አያስደንቅም። ባለዕዳ ነበሩ፤ ዕዳቸውንም የከፈሉት ላሳደጓቸው ሰዎች ሳይሆን እንደ እርሳቸው አሳዳጊ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ነው።

ሌላውም ሥራቸው ብዙ ነው። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው በኒውዮርክ ከሐርለም ጥቁር ሕዝብ ጋር ተገናኙ፤ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩም ጋበዙ። ኋላም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ ላይ ተቀምጠው፣ አውራጃውን ለሌላው አርአያ እንዲሆን ለማድረግ ጣሩ። ከጦርነቱ በፊትም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተሾሙ።

እዚህ ላይ ነው መከራው የመጣው። ልጆቻቸው ቤንያምና ዮሴፍ እንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ በሰላም አገር ተቀምጠው መሥራት ይችሉ ነበር፤ እነርሱ ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው ዘመቱ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላም የጥቁር አንበሳ አባሎች ሆነው ከራስ እምሩ ጋር ወደ ምዕራብ ተጓዙ። በ1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ሲፈጁ፣ ሁለቱ ወንድማማቾችም ተገደሉ።

አባታቸው በዚያን ጊዜ በለንደን ለኢትዮጵያ ሲሟገቱ፣ ገንዘብ ሲለምኑ፣ የዓለምን ሕሊና ሲወቅሱ ነበር። ልጅ ከእናት አባቱ እንዴት እንደሚነጠቅ ከመቅደላ ጀምሮ የሚያውቁት ሰው፣ አሁን ደግሞ ነገሩ በሌላ በኩል ዞሮ መጣባቸው። መቅደላ ላይ ወላጆቹን ያጣው ልጅ፣ በስተርጅና ልጆቹን ያጣ አባት ሆነ። መቃብራቸው ላይ ቆሞ ማልቀስ እንኳ አልተቻላቸውም።

እኛ በክፍላችን በዚህ ነገር ብዙ ተከራክረናል። ግማሾቻችን እንዲህ ዓይነቱን አባት አገልግሎቱ ቤቱን አስከፈለው እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ ልጆቹ ያደረጉት አባታቸው በሕይወቱ ሲያደርግ ያዩትን ነው እንላለን፤ እርሱም ከበርማ ምቾት ተነሥቶ ወደማያውቀው አገሩ የመጣ ሰው ነውና። ክርክሩን አልጨረስነውም። የተስማማንበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ቤተ ሰብን መውደድና ሕዝብን ማገልገል በእኚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር አልነበሩም። ቤተ ሰብ ማጣት ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው የሰው ልጆችን ያስተማሩት።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ወደ ሕንድ አገር ሄደው በስደት ቆዩ። ኢትዮጵያ ነፃ ስትወጣ፣ በ1934 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ሰባን አምስትን አልፎ ሳለ ተመለሱ። ልጆቼን የበላች አገር ናት ብለው አልቀሩም። በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ።

ውድ ጓደኞቻችን፤ የምደባ ጊዜ ሲቃረብ ሁላችንም ምን እንደምንሆን እናውቃለን። ዕጣችን ወደ ሩቅ ወረዳ እንዳይወጣ የማይሳል የለም። መንገድ የሌለው፣ መብራት የሌለው፣ ቋንቋውን የማንችልበት ቦታ ቢደርሰንስ ብለን እንፈራለን። መፍራቱ የሰው ነው። ሐኪም ወርቅነህም አዲስ አበባ ሲገቡ ቋንቋ አያውቁም፣ ሰው አያውቃቸውም ነበር። በየተመደብንበት ትምህርት ቤት ከኋላ ወንበር ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ ስሙን የሚጠራለት ያጣ አንድ ልጅ አይጠፋም። አያቲቱ በጠባሳው ለይተው ስሙን እንደጠሩለት፣ እኛም ያን ልጅ ለይተን በስሙ እንጥራው። የመምህርነት ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ነው ብለን እናምናለን።

በጥቁር አንበሳ በኩል ስናልፍም አባትየውንና ሁለቱን ልጆች እናስታውስ።