ከተማን በከሰል የሣለው ሰው

ሂዩ ፌሪስ በ1889 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደ። የአርክቴክትነት ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ስሙን ያስጠራው ግን ያቆመው ሕንፃ አይደለም፤ ሌሎች ያሰቡትን ሕንፃ ገና መሠረቱ ሳይጣል በወረቀት ላይ እያሳየ ኖረ እንጂ።

በ1916 ኒው ዮርክ ሕንፃዎች ከፍ ባሉ ቁጥር ከመንገዱ ወደ ኋላ እንዲሸሹ፣ ብርሃንና አየርም ወደ ታች እንዲወርድ በሕግ አዘዘች። አንቀጽ አንብቦ ከተማን ማየት ግን ለማንም ይከብዳል። በ1922 ፌሪስ ከአርክቴክቱ ከሃርቪ ኮርቤት ጋራ ሆኖ፣ ሕጉ የሚፈቅደው ግዙፍ ክምር ደረጃ በደረጃ እየተጠረበ ሕንፃ ሲሆን በአራት ሥዕሎች አሳየ። ደረቁ ሕግ ተራራ መስሎ ታየ።

የሚሠራው በከሰል ነበር። ከተሞቹ ጨለማ የዋጣቸው፣ ብርሃን ከሥራቸው የሚፈነጥቅ ናቸው፤ ሰው ግን በውስጣቸው ከጉንዳን አይበልጥም። እኛ ሥዕሎቹን ስናይ እንደነቃለን፤ እዚያ መኖር ግን አንመኝም።

የነገይቱን ታላቅ ከተማ ያሳየበት መጽሐፉ በ1929 ወጣ፤ በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። በ1947 የተባበሩት መንግሥታትን ዋና ጽሕፈት ቤት ለመንደፍ የተሰበሰቡት አርክቴክቶች ሲከራከሩ፣ ሐሳባቸውን በሥዕል ያወጣላቸው እሱ ነበር። በ1962 ሞተ።