ማርቲን ሉተር በሚስቱ የአራስነት ወራት

አንባቢ ሆይ፤ የማርቲን ሉተርን ስም ስትሰማ በ1517 ስለ ጻፋቸው 95 ነጥቦች፥ ወይም በዎርምስ ጉባኤ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ስለ መቆሙ ታስብ ይሆናል (ዓመታቱን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። እኔ ግን ዛሬ ወደ ቤቱ እንድትገባና በአራስ ሚስቱ አልጋ አጠገብ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ እንድታይ እወድዳለሁ።

ሉተር በ1522 ስለ ጋብቻ ኑሮ አንድ መጽሐፍ ጻፈ፤ ያን ጊዜ ሚስት ያላገባ መነኩሴ ነበረ። በዚህም መጽሐፍ፥ ሕፃኑን የሚያቅፍና የቈሸሸውን መጠቅለያ ጨርቅ የሚያጥብ አባት፥ ጎረቤቶቹ የሴት ሥራ ሠራ ብለው ቢስቁበት እንኳ፥ በእምነት እስካደረገው ድረስ እግዚአብሔር ከመላእክቱ ጋር ደስ እንደሚሰኝበት አስተማረ። በዚያ ዘመን በጀርመን አገር፥ በእኛም አገር ሲሆን እንደ ኖረ፥ የምጥና የአራስነት ነገር የአዋላጅና የጎረቤት ሴቶች ነበረ፤ ባል ከደጅ ቆሞ ወሬ ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለሰሚው እንግዳ ሆነ። ሚስት የሌለው ሰው እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቀልለዋል ትል ይሆናል፤ እውነትህ ነው። ፈተናው በኋላ መጣ።

በ1525 ሉተር ካታሪና ፎን ቦራ የምትባለውን፥ ከገዳም የወጣችውን መነኩሲት አገባ፤ በዊተንበርግ ከተማም እርሱ ቀድሞ በመነኩሴነት በኖረበት ገዳም ውስጥ ተቀመጡ። በ1526 የበኵር ልጃቸው ሐንስ ተወለደ። የካታሪና አክስት ማግዳሌናም ከእነርሱ ጋር ኖራ ሕፃናቱን በማሳደግ ብዙ ረዳቻቸው።

በ1527 በነሐሴ ወር ቸነፈር ወደ ዊተንበርግ ገባ። የሳክሶኒ መስፍን ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲው ወደ ዬና እንዲሄድ አዘዘ፤ ሉተርም ከቤተ ሰቡ ጋር እንዲወጣ አሳሰበው። እርሱ ግን በሽተኞችን ትቶ መሄድን እንቢ አለ። ካታሪና ያን ጊዜ ሁለተኛ ልጅዋን አርግዛ ነበር፤ ቤታቸው እንደ ሆስፒታል ሆነ፤ ትንሹ ሐንስም ታመመ። በኅዳር ወር የዲያቆኑ የጊዮርግ ሮረር ሚስት እርጉዝ ሳለች በቸነፈሩ ተያዘች፤ ልጅዋ ሞቶ ተወለደ፥ እርስዋም ሞተች። የመውለጃዋ ቀን የቀረበ ሴት ይህን በሰማች ጊዜ ልብዋ እንዴት እንደ ሆነ አንባቢ ሆይ፥ አንተው አስበው። ሉተርም እጅግ ፈራ። በዚያ ዓመት ራሱ በደዌና በነፍስ ጭንቀት ደክሞ ነበርና ጀግና መስሎ አልታየም፤ ፍርሃቱን ለወዳጆቹ ጽፎ እንዲጸልዩለት ለመናቸው። በታኅሣሥ ወር ካታሪና በደኅና ተገላገለች፤ ልጅቱም ኤልሳቤጥ ተባለች።

ኤልሳቤጥ ግን ስምንት ወር ሳይሞላት በ1528 ሞተች። ሉተር ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ፥ የአባት ልብ ስለ ልጁ ይህን ያህል እንደሚራራ ከቶ አስቦ እንዳልነበረ ገለጠ። ኀዘኑን ለእናቲቱ ብቻ አልተወም። ለእኔስ ከታላላቅ መጻሕፍቱ ይልቅ ይህች ደብዳቤ ትበልጥብኛለች።

በ1530 የአውግስቡርግ ጉባኤ ሲደረግ ሉተር በኮቡርግ አምባ ብዙ ወራት ተቀመጠ፤ ካታሪናም በዊተንበርግ አንድ ዓመት ካለፋት ከሕፃንዋ ማግዳሌና ጋር ነበረች። አርጉላ ፎን ግሩምባክ የምትባል የተማረች እመቤት ልትጠይቀው በመጣች ጊዜ፥ ልጅን ጡት ስለ ማስጣል ተነጋገሩ። እርሱም የሰማውን ወደ ቤቱ ጻፈ፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ ከመከልከል ይልቅ በቀን አንድ ጊዜ፥ ቀጥሎም ሁለት ጊዜ እየቀነሱ ቀስ በቀስ ማስጣል ይሻላል የሚል ነው። የመንግሥታት ጉዳይ በሚታሰብበት ወራት ሚስቱ በሌሊት የምትነቃበትን ነገር አሰበላት።

ነገር ግን ሉተር እንከን የሌለበት ባል አልነበረም። እንግዳውን ሁሉ ይቀበል፥ ያለውንም ለለመነው ይሰጥ ነበር፤ ድካሙ ግን በካታሪና ላይ ይወድቅ ነበር። ቢራውን የምትጠምቅ፥ ከብቱን የምታረባ፥ በቤታቸው ያደሩትን ተማሪዎች የምታበላ እርስዋ ነበረች፤ ከ1526 እስከ 1534 ባለው ዘመንም ስድስት ልጆች ወለደች። ሉተርም ይህን አውቆ ጌታዬ እያለ በጨዋታ ይጠራት ነበር።

በ1540 መጀመሪያ ካታሪናን አስወረዳት፥ ለሞትም ደረሰች። ሉተር አጥብቆ ጸለየላት። ነፍስዋ ከተመለሰች በኋላም እግሮችዋ ስላልጸኑ ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር እየተደገፈች እንደ ገና መራመድ ጀመረች፤ እርሱም እንዴት እየበረታች እንደ ሄደች ለወዳጆቹ ይጽፍላቸው ነበር።

በ1542 ኑዛዜውን ሲጽፍ፥ የአገሩ ሕግ ባልቴትን ከሞግዚት በታች ቢያደርግም፥ ለልጆችዋ ከእናታቸው የሚሻል ጠባቂ የለም ብሎ ሀብቱን ሁሉ በእጅዋ አደረገ። በ1546 በሞተ ጊዜ ሕግ ዐዋቂዎች ኑዛዜውን ተከራከሩበት፤ መስፍኑ ዮሐንስ ፍሬድሪክ ግን አጸደቀላት።