ቁራኛን ለማሻሻል የተነሱት ልጅ ኢያሱ

ታሞ የተኛን ሰው የአልጋ ቁራኛ ሆነ እንላለን። ቁራኛ ማለት ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው የሚቆዩበት ሥርዓት ነበር። በዳዩም ተበዳዩም እኩል ይንገላታ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌባሻይ ነበር። ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና አእምሮውን ሲስት በየሰፈሩ ይዘውት ይዞራሉ። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ!

ይህን ለማሻሻል ከተነሱት አንዱ ልጅ ኢያሱ ናቸው። የወሎው ራስ ሚካኤልና የወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ ልጅ ሲሆኑ በ1887 ዓ.ም. ተወለዱ። አያታቸው ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ አደረጓቸው። ሞግዚታቸው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ሥልጣኑ በእጃቸው ገባ። ያኔ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ።

እንግዲህ በዚያ የወጣትነት ዘመን ነው የቁራኛውንና የሌባሻዩን አሠራር ለማሻሻል የሞከሩት። ለከተማውም ፖሊስ አቋቋሙ፤ የመንግሥት ንብረት እንዲመረመርም አደረጉ። ጉድለት አልነበረባቸውም አልልም። ከመናገሻው ርቀው በየአገሩ መዞር ስለሚያበዙ የመንግሥቱ ሥራ ይጓተት ነበር።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሃይማኖት ለውጠዋል ተብለው ዘውድ ሳይጭኑ ከሥልጣን ወረዱ። በ1913 ዓ.ም. ተይዘው ፍቼ ታሰሩ። በ1924 ዓ.ም. ቢያመልጡም እንደገና ተይዘው ወደ ሐረርጌ፣ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. በ40 ዓመታቸው ሞቱ። የሌላውን ሰንሰለት ሊያላሉ የተነሱት ሰው ራሳቸው 15 ዓመት ያህል በእስር ኖሩ።

ይህን የጻፍኩት ያለ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ የዕድራችን ሳህኖች ጎድለው በአንድ ምስኪን የቀን ሠራተኛ ላይ ጣት ቀስረን ነበር። እኔም አንዱ ነበርኩ። በኋላ ሳህኖቹ እዚያው ለቅሶ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ተገኙ። ልጁን ይቅርታ የጠየቀው ግን አልነበረም። እኔ በዚህ ጽሑፍ እጠይቀዋለሁ። ወደፊት ዕቃ ሲጠፋብን አስቀድመን መዝገብ እንይ፣ ምስክር እንስማ።

ፈጣሪ ሁላችንንም ከሐሰት ክስ ይሰውረን።