አዲሱ መንገድና የለመዱት መሣሪያ
የሮአልድ አሙንድሰን አጭር የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም የለመድነውን ከመያዝና አዲሱን ከመሞከር አንዱን መምረጥ ይቸግረናል። ይህን ችግር በሥራው ያስተማረን አንድ መንገደኛ አለ።

ሮአልድ አሙንድሰን እ.ኤ.አ. በ1872 በኖርዌይ ተወለደ። እናቱ ሐኪም እንዲሆን ስለ ፈለገች የሕክምና ትምህርት ጀመረ። በ21 ዓመቱ እናቱ ስታርፍ ግን ትምህርቱን ትቶ ከልጅነቱ ወደ ተመኘው የበረዶ አገር ጉዞ ገባ።

ከ1903 እስከ 1906 ከስድስት ባልደረቦቹ ጋር በሰሜን አሜሪካ ራስጌ ያለውን የበረዶ ባሕር በትንሽ መርከብ አቋረጠ። በመንገዱም ኔትሲሊክ ከተባሉት የኢኑይት ሰዎች አጠገብ ሁለት የብርድ ወራት ከረመ። የሚያጣድፈው ስላልነበረ የአጋዘን ቆዳ ልብሳቸውንና ውሾችን በበረዶ ጋሪ መንዳትን ተማረ።

በ1911 ወደ ደቡብ ዋልታ ሲነሣ እንግሊዛዊው ስኮትም ወደዚያው ያመራ ነበር። ስኮት ሻክልተን አስቀድሞ የሄደበትን መንገድ ያዘ፤ ከድንክ ፈረሶችና ከውሾች ሌላ የሞተር ጋሪዎችን ቢያመጣም ሞተሮቹ ብዙ ሳይሄዱ ተበላሹ። አሙንድሰን ግን ማንም ባልረገጠው መንገድ በለመደው ውሻና ስኪ ሄደ። መንገዱ አዲስ ነው፤ መሣሪያው የተፈተነ ነው።

እሱም ቢሆን ሳይሳሳት አልቀረም። በሴፕቴምበር ቸኩሎ ቢወጣ ብርዱ መለሰው። በኦክቶበር ከአራት ሰዎችና ከ52 ውሾች ጋር እንደ ገና ተነሥቶ ዲሴምበር 14 ቀን ዋልታው ላይ ደረሰ። ከውሾቹ የተመለሱት 11 ብቻ ናቸው፤ ብዙዎቹ አስቀድሞ በታሰበው መሠረት ለምግብ ታርደዋል። ስኮት በጃንዋሪ 1912 ደርሶ ሲመለስ በብርድና በረሃብ ከአራት ጓደኞቹ ጋር አለቀ።

እንግዲህ ምን እንማራለን? አዲስ ነገር የሚሞከረው ስሕተት ነፍስ በማያስከፍልበት ጊዜ ነው። ቁርጥ ቀን ሲመጣ ግን ሁሉን በአንድ ጊዜ አዲስ ማድረግ አይገባም። እኛ ወጣቶች ዛሬ ያለን ጊዜ የመማሪያ ጊዜ ነውና በዋዛ አናሳልፈው።

ሆኖም ስሌት ሁሉ የሚቀርበት ሰዓት አለ። በ1928 ተጣልቶት የነበረው ጣሊያናዊው ኖቢሌ በሰሜን በረዶ ላይ መውደቁን ሲሰማ፣ አሙንድሰን በችኮላ በተዘጋጀ አይሮፕላን ሊፈልገው ወጣ። ኖቢሌ በሌሎች እጅ ዳነ፤ አሙንድሰን ግን አልተመለሰም።