ቫቪሎቭ፦ የዘርን ምስጢር የፈለገው፣ በረሃብ ያለፈው ሊቅ

በሶማሊላንዷ ሐርጌሳ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በተቀራራቢ ኬክሮስ ላይ በምትገኘው ሐረርም እንዲሁ። በሌኒንግራድ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ግን ልዩነቱ 13 ሰዓት ይደርሳል። አንድ ሰብል መቼ እንደሚያብብ፣ ፍሬ መያዝ አለመያዙንም የሚወስነው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ሩሲያዊው የዕጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እአአ በ1887 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። በ1926 መገባደጃ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ዘለቀ። አዲስ አበባ ላይ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ተቀበሉት። ከዚያም በቅሎ አስጭኖ እስከ ጎንደርና ኤርትራ በመጓዝ የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ ዘር ሰበሰበ። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ መዘገባት።

ይሁንና ከሩቅ የመጣ ዘር በሰሜን ሰማይ ሥር ጠባዩ ይለወጣል። ስንዴና ገብስ ቀኑ ሲረዝም ማበብን ያፋጥናሉ። የሐሩር ማሽላ ግን አጭር ቀን ስለሚጠብቅ በሌኒንግራድ በጋ ቅጠል ብቻ ያበዛል። በቫቪሎቭ ተቋም ተመራማሪዎች ተክሎችን በጨለማ እየከለሉ ቀኑን ያሳጥሩላቸው ነበር።

የቀኑን ርዝመት የሚለየው ቅጠል ነው፤ ወደ ቡቃያው ጫፍም ሆርሞን ይልካል የሚለውን ሐሳብ በ1930ዎቹ አጋማሽ ያቀረበው ሌላው የሶቪየት ሳይንቲስት ሚኻይል ቻይላኽያን ነው። ሆርሞኑንም ፍሎሪጅን ብሎ ሰየመው። በስታሊን የሚደገፈው የትሮፊም ሊሴንኮ ወገን ግን አወገዘው፤ የዘር ውርስን ሳይንስም ካደ። ቫቪሎቭ ከእምነቱ ፈቀቅ አላለም።

በ1940 ታሰረ። በቀጣዩ ዓመት ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም በ1943 መጀመሪያ በሳራቶቭ እስር ቤት በምግብ እጦት ተጎድቶ አረፈ። በተከበበችው ሌኒንግራድ የነበሩ ባልደረቦቹም የሰበሰበውን ዘር ሳይነኩ፣ ከፊሎቹ በረሃብ አለቁ።

ስሙ በ1955 ታደሰ። በ2007 ደግሞ ተመራማሪዎች ያ መልእክተኛ ከቅጠል ወደ ጫፍ የሚጓዝ ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ። ከሐርጌሳ በስተምዕራብ ባለው በገቢሌይም ሆነ በሐረር ማሳዎች ማሽላ ይዘራል። ብዙ የሐሩር ማሽላ ዝርያዎች የቀኑን ጥቂት ማጠር ለይተው ዝናቡ ሲያበቃ ያብባሉ። ባዕድ ዘር ለገበሬ ከመታደሉ በፊት በስፍራው ቀን መፈተን ያለበት ስለዚህ ነው።